መለኪያው እስከ የት ይወርዳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ መጠይቅ ለዋናው ጥናት ከመሰራጨቱ አስቀድሞ በጥቂት ሰዎች ላይ ስንሞክረው፣ ከአንድ ጎልማሳ ተሳታፊ ጎን ተቀምጬ ነበር። በታብሌቱ ላይ በተርታ የቆሙ አምስት ጥላ መሰል ምስሎች ይታያሉ፤ በግራ ጫፍ ያለው ጎብጦ በአራት እግሩ የሚሄድ ዝንጀሮ መሰል ፍጡር ሲሆን በቀኝ ጫፍ ያለው ቀጥ ብሎ የሚራመድ የዛሬ ሰው ነው። ከምስሎቹ ሥር የተለያዩ ቡድኖች ስም ተዘርዝሯል፤ ከየስሙ ጎን ቡድኑ ምን ያህል ሙሉ ሰው እንደሆነ የሚመዘንበት፣ ከ0 እስከ 100 የሚንሸራተት ምልክት አለ። ሰውዬው የራሱን ወገን ሳያመነታ 100 ላይ አደረሰው፤ ሌሎች ሁለት ቡድኖችንም 90 አካባቢ ተዋቸው። ወገኖቹ ለረጅም ዘመን የተጣሉት ቡድን ስም ላይ ሲደርስ ግን ጣቱን ቀስ እያለ ወደ ግራ ጎተተ፤ መሃል ላይ ቆም አለ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና ጎተተ፤ በመጨረሻም «ይኼ እስከ የት ድረስ ነው የሚወርደው?» ሲል ጠየቀኝ።

መመሪያችን ተሳታፊን በምንም መንገድ መምራት ስለሚከለክል «እርስዎ ትክክል ነው እስከሚሉት ድረስ» አልኩት። በሙያው ደንብ ሲታይ እንከን የማይወጣለት መልስ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው እኔው ዘንድ ቀረ፤ እስካሁንም አለ። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2015 ለኅትመት ያበቁት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኑር ክቴይሊ፣ ኤሚል ብሩኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አብዛኞቻችን ይህን ዓይነት አመለካከት በተዘዋዋሪ መንገድ ስናድን ነበር የኖርነው፤ ማንም ሰው «እነዚያ ሰዎች ከእኔ ያነሱ ሰዎች ናቸው» ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም የሚል እሳቤ ነበረንና። እነክቴይሊ ግን ሰዉን በግልጽ ጠየቁት፤ ሰዉም በግልጽ መለሰ። ውጤቱን መጀመሪያ ሳነብ የተሰማኝ ድንጋጤ ሳይሆን አንድ ዓይነት የሙያ ሀፍረት ነበር፤ ያን ያህል ዘመን በጓሮ ስንዞር የፊት በሩ ክፍት ኖሯል።

የማጠናው ነገር በአማርኛ ገና የረጋ ስያሜ አላገኘም። «ሰብዓዊነትን መግፈፍ» የሚሉ አሉ፤ «ኢሰብዓዊ ማድረግ» የሚሉም አሉ። እኔ «ከሰው ተራ ማውጣት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ለምርጫዬም ከቋንቋ ውበት ያለፈ ምክንያት አለኝ። «መግፈፍ» ሲባል ልብስ እንደሚገፈፍ ሁሉ ከተበዳዩ ላይ አንድ ነገር የተወሰደ ያስመስላል፤ ተበዳዩ ግን ማሰቡንም፣ መፍራቱንም፣ ማፈሩንም አላቆመም፤ ምንም አልጎደለበትም። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። «ከተራ ማውጣት» ሲባል ግን ተራ የሚጠብቅ፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስን ሌላ ሰው መኖሩን ሐረጉ ራሱ ይናገራል፤ የወጣው ሰውም አስቀድሞ ተራው ውስጥ እንደነበረ ያሳብቃል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሥራ ተራ ጠባቂውን ማጥናት ነው፤ ተገፍቶ የወጣውን መርምሮ «ምን ጎደለው?» ማለት አይደለም።

ወደዚህ ጥናት የገባሁት የጥላቻ ነገር አሳስቦኝ አልነበረም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር ፍላጎቴ የሰው ልጅ ትውስታ ነበር፤ ለሴሚናር እንዳቀርበው የተደለደለልኝ ጽሑፍ ግን የሄንሪ ታይፌልን ሙከራ የሚመለከት ሆነ። ታይፌል እ.ኤ.አ. በ1919 ፖላንድ ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተሰልፎ በጀርመኖች ተማረከ፤ ፖላንዳዊ አይሁድ መሆኑን ሰውሮ ከምርኮ ተረፈ፤ ሲመለስ ግን ከቤተሰቡ የተረፈ ሰው አላገኘም ለማለት ይቻላል። ይህን ያየ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በእንግሊዟ ብሪስቶል የሠራው ሙከራ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ዕድሜያቸው 14 እና 15 የሆኑ 64 ወንዶች ልጆች በስክሪን ላይ ብልጭ የሚሉ ነጥቦችን ቁጥር እንዲገምቱ ተደረገ፤ ከዚያም «አብዝተው የሚገምቱ» እና «አሳንሰው የሚገምቱ» ተብለው ተከፈሉ፤ ክፍፍሉ ግን በእርግጥ ከግምታቸው ጋር አይገናኝም ነበር። ልጆቹ ለማያውቋቸው፣ በመለያ ቁጥር ብቻ ለተጠቀሱ ሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ለራሳቸው ምድብ አደሉ። በቀጣዩ ሙከራ ደግሞ ምድቡ የሠዓሊዎቹን የክሌን ወይም የካንዲንስኪን ሥዕል በመምረጥ ላይ የቆመ ተባለ፤ ነገሩ አልተለወጠም። ይልቁንም ብዙዎቹ የራሳቸው ወገን የሚያገኘው ገንዘብ ቢቀንስ እንኳ ከሌላው ያለው ልዩነት እንዲሰፋ መረጡ። ያን ሠንጠረዥ በሴሚናሩ ላይ ሳስረዳ ድምፄ እንደተንቀጠቀጠ አስታውሳለሁ፤ በከፊል ለአቀራረብ ልምድ ስላልነበረኝ ነው፤ በከፊል ግን ስለ ነጥቦቹ ነበር።

ሆኖም ለወገን ማድላት አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ከሰው ተራ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርሰውን መንገድ በጥርት ካስረዱኝ ሰዎች ቀዳሚው በቪየና ተወልዶ ገና በልጅነቱ ከናዚዎች የሸሸው ኸርበርት ኬልማን ነው። ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ የተለመደውን ጥያቄ ገለበጠው። ሰውን ወደ ጭፍጨፋ የሚገፋው ምንድን ነው ከማለት ይልቅ፣ በወትሮው ጊዜ ከጭፍጨፋ የሚያግደን ልጓም እንዴት ይላላል አለ። መልሱም ሦስት ነበር፦ የበላይ ፈቃድ፣ ግፉን የዕለት ተዕለት ሥራ ማስመሰል፣ እና ተጠቂውን ከሰው ተራ ማውጣት። በዚያን ጊዜ «ማይ ላይ» በተባለው የቬትናም መንደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 በመቶዎች የሚቆጠሩ ቬትናማውያን ሰላማዊ ሰዎች በአሜሪካ ወታደሮች መገደላቸው ገና ትኩስ ትዝታ ነበር። ኬልማን አንድን ፍጡር ሰው አድርጎ ማየት ሁለት ነገሮችን መስጠት ነው ይላል፦ ከሌላው የሚለይበት የራሱ ማንነት፣ እና የሚያስብለት፣ የሚያስብላቸውም ሰዎች ያሉበት ማኅበር። አንዱ ሲነሳ ሰውዬው የቁጥር አካል ይሆናል፤ ሌላው ሲነሳ ደግሞ የሚያለቅስለት የሌለው ይመስላል። ይህን ሐሳብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከወጡት ብዙ የረቀቁ ሞዴሎች አብልጬ አምነዋለሁ፤ በዚህ ባልደረቦቼ እንደ ኋላ ቀር ይቆጥሩኛል።

ኬልማን በጽሑፍ ያለውን አልበርት ባንዱራና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በቤተ ሙከራ ፈተኑት። ተማሪዎች የሌላ ቡድንን ውሳኔ እየተከታተሉ ስሕተት በተሠራ ቁጥር የኤሌክትሪክ ቅጣት እንዲሰጡ ይጠየቃሉ፤ የቅጣቱን መጠን ከ1 እስከ 10 ካሉት ደረጃዎች የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ንዝረቱ በእርግጥ ለማንም አይደርስም። ከመጀመራቸው በፊት አጥኚዎቹ በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ በአጋጣሚ የሰሙ ይመስላቸዋል፦ ለአንዳንዶቹ ቅጣት ተቀባዮቹ አስተዋይና ሰው የሚረዱ ተደርገው ይገለጻሉ፤ ለሌሎቹ እንስሳ መሰል ብልሹዎች ይባላሉ፤ ለቀሩት ምንም አይባልም። እንስሳ መሰል የተባሉት ከሁሉም የከበደውን ቅጣት ተቀበሉ፤ አስተዋይ የተባሉት ደግሞ ምንም ካልተባለላቸውም የቀለለውን። ስለዚህ ሙከራ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ክፍል ነው። እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ነው፤ አንድ ደግ ቃል፣ ያውም በጨረፍታ የተሰማ፣ እጅን ያዝ ሲያደርግ ታየ። አዘዘንም አስገደደንም የሚሉት ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ለረጅም ጊዜ ጥናቱ በዚህ በከፋው ጫፍ ዙሪያ ሲሽከረከር ቆየ። አቅጣጫውን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2000 የቤልጅጉ ዣክ ፊሊፕ ሌየንስ ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ሐሳብ ነው። ስሜቶችን ለሁለት እንክፈላቸው፤ ፍርሃት፣ ንዴትና ደስታ የመሳሰሉት ከእንስሳት ጋር እንደምንጋራቸው ይታሰባል፤ ጸጸት፣ ናፍቆት፣ ሀፍረትና ተስፋ የመሳሰሉት ግን የሰው ብቻ ተደርገው ይቆጠራሉ። እነሌየንስ ያስተዋሉት ሰዎች እነዚህን ሁለተኛዎቹን ስሜቶች ለወገናቸው ሲሰጡ ለሌላው እንደሚነፍጉ ነው። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አውሬ አልተባለም፤ ሌላው ወገን ሊፈራና ሊናደድ ይችላል፤ መጸጸት መቻሉ ላይ ግን እንጠራጠራለን። ይህ ግኝት እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ምክንያቱም ራሴን ያገኘሁት እዚህ ውስጥ ነው። በዜና ላይ የማላውቀው ሕዝብ ሲያለቅስ አይቼ «ደነገጡ» እል ነበር፤ የእኔ የምለው ሲያለቅስ «ልባቸው ተሰበረ» እላለሁ።

የስሜቶቹን ዝርዝር ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንቀመጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ሁለቱ ይመሳከራሉ። «ጸጸት» በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። «ይሉኝታ»ን በራሳችን ፈቃድ ስንጨምር ግን መላሹ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት የተለያዩ ቃላት ይዞ መጣ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሰው ብቻ የሆነ ስሜት ባይኖርም ለንጽጽር አልመች ብሎ ወጣ። ከሁሉም ያስቸገረን ግን «ሰው» ራሱ ነው። በአማርኛ «ሰው ሆነ» ማለት ልጁ አድጎ ለቁም ነገር በቃ ማለት ነው፤ «እሱ ሰው አይደለም» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ገዛ ወንድም ነው፤ ውለታ ሲክድ። ስለዚህ «የዚህ ቡድን አባላት ምን ያህል ሰው ናቸው?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰዎች ስለ ጨዋነት እንደተጠየቁ አድርገው መለሱት። ቋንቋችን ሰው መሆንን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር ከሆነ ማዕረጉን መንፈግ ሁልጊዜ ከፍጥረት ማውጣት አይሆንም። ይህን በግምገማ ላይ ለነበረ ጽሑፍ ምላሽ አድርጌ ብጽፈው አንዱ ገምጋሚ «የትርጉም ችግር» ብሎ አለፈው፤ እኔ ግን ዛሬም የንድፈ ሐሳብ ችግር ነው እላለሁ።

ኒክ ሃስላም እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን በሁለት መልክ ከፈለው፦ ሌላውን ወደ እንስሳ ማውረድ፣ እና ሌላውን እንደ ማሽን ማየት። የመጀመሪያው ሥልጣኔን፣ ጨዋነትንና አመዛዛኝነትን ሲነፍግ ሁለተኛው ሙቀትንና ስሜትን ይነፍጋል። ሕመምተኛን በአልጋ ቁጥር የሚጠራ ሐኪም አይጠላውም፤ አይሰድበውምም፤ የሰውነቱን አንድ ክፍል ብቻ ያያል። ክፍፍሉ ለመማሪያ ክፍል እጅግ ይመቻል፤ ሕይወት ውስጥ ግን ሁለቱ ሲደባለቁ አይቻለሁ።

በዚያው ዓመት ላሳና ሃሪስና ሱዛን ፊስክ የአንጎል ምስል ጥናታቸውን አሳተሙ። ተማሪዎች በማግኔት መሣሪያው ውስጥ ተኝተው የተለያዩ ሰዎችን ፎቶግራፍ ሲያዩ፣ ስለ ሌላ ሰው ሐሳብ ስናስብ ወትሮ የሚነቃው የአንጎል የፊት መካከለኛ ክፍል ለአብዛኞቹ ሰዎች ሲነቃ፣ ቤት አልባ ለሆኑና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች ግን እንደሚጠበቀው አልነቃም። ጋዜጦች «አንጎል ሰውን እንደ ዕቃ ያያል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ማስታወቂያ መሰል አርእስት መራቅ ያስፈልጋል፤ አንድ የአንጎል ክፍል ብዙ ሥራ ስላለው ከመብራቱ መጥፋት ተነሥቶ ይህ ሐሳብ የለም ማለት አይቻልም። ይልቅ ተከትሎ የመጣውን ጥናት ልብ በሉ። ሃሪስና ፊስክ እነዚያኑ ፎቶግራፎች ሲያሳዩ አንዳንዴ የሰውዬውን የዕድሜ ክልል እንዲገምቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንድ የተወሰነ የአትክልት ዓይነት ይወድ እንደሆነ እንዲገምቱ ጠየቁ። ምርጫውን ለመገመት ሲሞክሩ ያ ክፍል ነቃ። ካሮት ይወድ ይሆን ብሎ ለማሰብ ለሰውዬው ምላስ፣ ትዝታና ምርጫ መስጠት ግድ ይላል። ይህን ለተማሪዎች ሳስተምር ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ቆም ሲል ነው ነገሩ የሚገባቸው።

የእኔ የዶክትሬት ሥራ በዚህ መንገድ ላይ የተሠራ ትንሽ ሙከራ ነበር። ተሳታፊዎች የሌላ ወገን ሰው ቀኑን እንዴት እንደዋለ ከውስጡ እንዲያስቡ ስናደርግ አመለካከታቸው ይለወጣል ብዬ ተነሣሁ፤ ከጥቂት ደርዘን ተማሪዎች የሰበሰብኩት መረጃ የስታቲስቲክስን ድንበር ለጥቂት አለፈ፤ በደስታ ጻፍኩት፤ ተመረቅሁበት። ከዚያ ዘርፋችን ተናጋ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሥነ ልቦና ዙሪያ የታተሙ 100 ጥናቶችን እንደገና የሞከረ የብዙ አጥኚዎች ኅብረት በድጋሚው የስታቲስቲክስ ሚዛን ያለፉት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳወቀ። እኔም የራሴን ሙከራ ብዙ ሰዎችን ይዤ፣ ትንታኔውን አስቀድሜ አስመዝግቤ ደገምኩት፤ ልዩነቱ ጠፋ። ለሁለት ሳምንት ያህል በፋይሉ ውስጥ ስሕተት ስፈልግ ከረምኩ፤ ያገኘሁት ስሕተት የመጀመሪያው ናሙና ማነሱና እኔ ለማመን መቸኮሌ ነበር። ማንም አላታለለኝም። ድጋሚውን ለማሳተም የላክሁለት የመጀመሪያው ጆርናል «አዲስ ነገር የለውም» ብሎ መለሰው፤ ሁለተኛው ተቀበለው። በሥራ ማስረጃዬ ላይ ሁለቱ ጽሑፎች ዛሬ አንዱ ከሌላው ሥር ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ይህም ያበሳጨኛል።

ይህን ጉድ እንደተወጣሁ ከሥሩ የሚነቀንቅ ሌላ ጥያቄ መጣ። ሃሪየት ኦቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ለዘርፋችን በርካታ ፈተናዎችን ዘርዝራ አቀረበች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰዎችን ከእንስሳ ጋር ማመሳሰል የጥላቻ ብቻ ምልክት አይደለም፤ የምንወደውንም ሰው አንበሳ፣ ርግብ እንላለን። የጥላቻ ቅስቀሳም ተጠቂዎቹን አይጥና ተባይ ብቻ ብሎ አያቆምም፤ ከሃዲ፣ ሴረኛ፣ ወንጀለኛ ይላቸዋል። አይጥ ግን አይከዳም። ክህደት ቃል መግባትን፣ ሴራ ዕቅድንና ምስጢርን ይጠይቃል፤ ሁለቱም ሙሉ ሰው የሚያደርጋቸው ናቸው። ውርደትስ? ሰውን መንበርከክ፣ ማስለመን፣ በቤተሰቡ ፊት ማዋረድ ትርጉም የሚኖረው ክብር እንዳለው ለሚታወቅ ፍጡር ነው። ይህን ሳነብ ስለ ኬልማን የጻፍኳቸውን የሴሚናር ማስታወሻዎች አውጥቼ አየሁ፤ በኅዳጉ ላይ «ግን ለምን ያዋርዱታል?» የሚል የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ጥያቄውን በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጠይቄው፣ መልስ ሲጠፋልኝ ረስቼው ኖሬያለሁ።

መልሱ አሁንም አላለቀም፤ ከተገኙት ቁርጥራጮች መካከል ግን የማምንባቸው አሉ። ታጌ ራይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት ሌላውን ከሰው ተራ ማውጣት ለጥቅም ሲባል የሚፈጸም ጉዳትን ያበረታታል፤ ይገባዋል ተብሎ በቅጣት ስም የሚፈጸመውን ግን አይጨምርም፤ ለመቅጣት የሚያውቅ፣ የሚሰማው ተቀጪ ያስፈልጋልና። አሌክሳንደር ላንድሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ከ1927 እስከ 1945 የወጡ የናዚ ቅስቀሳዎችን ቃል በቃል መረመሩ፤ ወደ ጭፍጨፋው ሲቃረብ አይሁዶች እንደሚሰማቸው የሚገልጹ ቃላት እየሳሱ ሄዱ፤ ጭፍጨፋው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሐሳብ፣ ዕቅድና ተንኮል እንዳላቸው የሚገልጹት በረከቱ። በሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ1994 ቱትሲዎችን «በረሮ» ሲል የነበረው ራዲዮ በዚያው አፉ ሊገዟችሁ የሚያሤሩ ይላቸው ነበር። ስለዚህ የሚነፈገው ሰውነት በሙሉ አይደለም፤ የሚያመው ክፍል ይሰወራል፣ የሚያሤረው ክፍል ይጎላል። የትሬብሊንካው የሞት ካምፕ አዛዥ ፍራንዝ ሽታንግል እ.ኤ.አ. በ1971 በእስር ቤት ሳለ ጋዜጠኛዋ ጊታ ሴሬኒ መሞታቸው ካልቀረ ያ ሁሉ ማዋረድ ለምን አስፈለገ ብላ ጠየቀችው። ሥራውን የሚፈጽሙትን ሰዎች ለማዘጋጀት ነው ሲል መለሰ። ሰዎቹንም «ጭነት» ይላቸው ነበር። ከዚህ በኋላ ውርደቱን ከተጠቂው አንጻር ብቻ መመርመር ትቻለሁ፤ የሚሠራው በፈጻሚው ላይ ነው።

ለተስፋ ቅርብ የሆነ አንድ የምርምር መስመርም አለ፤ እሱንም ባልጠቅስ አድልዎ ይሆናል። ክቴይሊ፣ ሆድሰንና ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳመለከቱት አንድ ወገን ሌላው ከሰው አይቆጥረኝም ብሎ ሲያምን በምላሹ እሱም ሌላውን ከሰው አይቆጥርም። የሚያስገርመው ግምቱ ብዙ ጊዜ የተጋነነ መሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የአሜሪካ ሁለቱ ፓርቲዎች ደጋፊዎች ተቃራኒያቸው ምን ያህል እንደሚንቃቸው ሲገምቱ ከእውነተኛው በእጅጉ አብዝተው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ብሩኖ በዚያው ዓመት በአንጎል ካንሰር ገና በአርባዎቹ ዕድሜው አረፈ። የግምት ስሕተትን ማረም ከጥላቻ ጋር ከመታገል ይልቅ የሚቻል ሥራ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ግምቱ ትክክል የሆነበት ቦታ ላይ ግን ይህ መድኃኒት አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ቦታም አለ።

ሥራው በሚሠራው ሰው ላይ የሚያደርሰውን ነገር በኅትመቶቻችን ውስጥ አንጽፍም። የጥላቻ መልእክቶችን አንብበው በኮድ የሚመድቡ ረዳቶች አሉን፤ እያንዳንዱን መልእክት ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማሙ ይሰላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ አይስማሙም፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ይናደዳል። በሦስተኛው ሳምንት ስምምነታቸው እጅግ ያምራል። ለዓመታት ይህን የሥልጠና ውጤት አድርጌ በኩራት ስዘግብ ኖሬ፣ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ከመልእክቶቹ አንዱን እንደ ቀልድ ሲለዋወጡት ሰማሁ። እኔም ከመገሠጼ በፊት ስቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳያነብ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ፍጥነታችን ቀንሷል፤ የስምምነት ቁጥራችንም እንደ ድሮው አያምርም።

በቅርቡ መለኪያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርን። ተሳታፊው ቡድኖቹን ካስቀመጠ በኋላ «ከዚህ ቡድን በቅርብ የሚያውቁት አንድ ሰው ካለ የት ያስቀምጡታል?» ይላል። በሙከራው ዙር አንዲት አዛውንት ቡድኑን ወደ 20 አውርደው ነበር፤ አዲሱ ጥያቄ ሲመጣ ግን ጣታቸውን አንሥተው «ስሟን ልንገርህ ልጄ?» አሉኝ። ስም መቀበል በሥነ ምግባር ኮሚቴው የተከለከለ ስለሆነ አያስፈልግም አልኳቸው። «ስሟን ካልጻፍክ እሷ መሆኗን በምን ታውቃለህ?» ብለው ስሟን ነገሩኝ፤ እናታቸው ሲታመሙ ሌሊቱን አብራቸው ታድር የነበረች ጎረቤታቸው ናት። 100 ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው «ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?» ሲሉ ጠየቁ። አይቻልም ነበር፤ ተሳታፊዎች የቀደመ መልሳቸውን እንዳይቀይሩ ቁልፉን የዘጋሁት እኔ ራሴ ነኝ። በሚቀጥለው ዙር ከፈትነው፤ አሁን ሁለቱንም እንመዘግባለን፤ መጀመሪያ ያስቀመጡትንም፣ ተመልሰው የቀየሩትንም።